ለማንበብ ብቻ የተሠራ

«ቤ»ን እንውሰድ። ከቀኝ እግሯ ሥር አንዲት ቀለበት አለች። በቀለበቷ ፈንታ ጭረት ቢደረግላት «ቢ» ትሆናለች፤ ጭረቱ ከፍ ብሎ ወገቧ ላይ ቢገባ ደግሞ «ቡ»። በፊደላችን የሚያነብ ሰው ቀኑን ሙሉ ዓይኑ የሚለቅመው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ምልክቶችን ነው። ስለዚህ በተለምዶ ሁሉንም በጅምላ «ኪንድል» የምንለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ዋጋውንና ስንት መጽሐፍ እንደሚይዝ ከመጠየቁ በፊት የ«ቤ»ን ቀለበት አስተውሎ ቢያይ ይሻለዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፊደሉ የታተመ መጽሐፍ ላይ በለመድነው መጠን ሲጻፍ ቀለበቷ ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ኪንድል በአንድ ኢንች ውስጥ 167 ነጥብ ነበረው። በዚያ ስክሪን ላይ ለቀለበቷ የሚደርሳት ሦስት ነጥብ ያህል ነው፤ መሐሏ ይደፈንና አንባቢው «ቤ» መሆኗን የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ማንበቢያዎች በኢንች 300 ነጥብ አላቸው። ቀለበቷ ስድስት ነጥብ ያህል ታገኛለች፤ ዙሪያዋ ይሳላል፣ መሐሏም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዓይን ከመገመት ወደ ማንበብ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ዘወትር የምይዘው ኮቦ ሊብራ 2 የሚባለውን ነው። ኮቦ በካናዳ ቶሮንቶ የተመሠረተ፣ አሁን ራኩተን በተባለው የጃፓን ኩባንያ ሥር ያለ ድርጅት ነው። ሊብራ 2 እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሲሆን ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ክብደቱ 215 ግራም ነው። አሁን ሊብራ ከለር የተባለው ታናሹ ቦታውን ወስዶለታል። ቢሆንም አንድ ዕቃ ለአንድ ሥራ ሲባል እንዴት ታስቦበት እንደሚሠራ ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ በእጄ የለም። እሱን በቅርብ ያየ ሰው ሌላውንም በምን መመዘን እንዳለበት ያውቃል።

ከስክሪኑ ሥር ያለው ነገር የምር ቀለም ነው። ዓይን ለይቶ የማያያቸው እንክብሎች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል፤ የአንዱ ስፋት የአንዲትን የጤፍ ፍሬ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። ነጩ የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ነጮቹ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሮቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ተሰጥቷቸዋል። ከበታች ያለው ኤሌክትሮድ ፖዘቲቭ ሲሆን ነጮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ጥቁሮቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ገጹ ይነጣል። ኔጌቲቭ ሲሆን ጥቁሮቹ ይወጣሉ። ፊደል ማለት በዚህ ዕቃ ላይ የት የት ጥቁሩ ወጥቶ እንደቆመ ማለት ነው።

ሐሳቡን ወደ ሥራ ያመጡት በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ሚዲያ ላብ የነበረው ጆሴፍ ጃኮብሰንና ሁለት ተማሪዎቹ፣ ባሬት ኮሚስኪና ጄ.ዲ. አልበርት ናቸው። ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሠረተ። ቀለሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በገበያ ማንበቢያ ላይ የታየው በ2004 ሶኒ ጃፓን ውስጥ ባወጣው ሊብሪዬ ላይ ነው። በ2009 ኩባንያውን አንድ የታይዋን ድርጅት ገዛው። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩ ይበልጥ እየጠቆረ፣ ነጩም ይበልጥ እየነጣ፣ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ትውልድ ሲወጣ ቆይቷል፤ በ2010 ፐርል፣ በ2013 ካርታ፣ ሊብራ 2 ላይ ያለው ደግሞ ካርታ 1200 ነው።

አጉሊ መነፅር ያለው ሰው ስክሪኑን ጠጋ ብሎ ይመልከት። በስልክ ስክሪን ላይ የሚያየው በመስመር የተሰለፉ የቀለም መብራቶች ናቸው። እዚህ ላይ ግን የፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ሻከር ያለ ነው። እንክብሎቹ ከሥር ካሉት ኤሌክትሮዶች ጋር አንድ ለአንድ ተገጣጥመው የተደረደሩ ስላልሆኑ አንዱ እንክብል ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሊሆን ይችላል። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚተወው ጠርዝም እንዲሁ ነው። ዓይናችን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ይህን ጠርዝ ስለሆነ ገጹ አይጎረብጠውም።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ገጹን ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ወረቀት ተለጥፎበት ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ገጹ ይገለጣል» ብዬ ቁልፉን ተጫንኩት። ገጹ ሲቀየር አይተው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳለፉት፤ ልስልስ ያለ መስታወት ጠብቀው ነበር፣ ያገኙት ግን ወረቀት ወረቀት የሚል ሻካራ ፊት ነው። ፊደሉን አጉልቼ ስሰጣቸው መነፅራቸውን ሳያወጡ ግማሽ ገጽ ያህል አነበቡ። ለዕቃው ሠሪዎች ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም።

ገጹ ሲገለጥ የሚሠራውን ሥራ ማወቅም ደስ ይላል። ነጭና ጥቁር ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የፊደሉን ጠርዝ ለማለዘብና ሥዕል ለማሳየት ግን ከነጭ እስከ ጥቁር 16 ደረጃ ግራጫ ያስፈልጋል፤ ግራጫ ማለት ቅንጣቶቹን መንገድ ላይ ማስቆም ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ነጥብ ተለክቶ የተቀመረ የኤሌክትሪክ ምት ይላክለታል፤ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ለምን ያህል ቅጽበት የሚለው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል። ሲበርድ ፈሳሹ ስለሚወፍርና ቅንጣቶቹ ስለሚዘገዩ ዕቃው ሙቀቱን ለክቶ ምቱን ያስተካክላል። አልፎ አልፎ ገጹ ብልጭ ብሎ ጥቁር ሲሆን የሚያዩ ሰዎች ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። የሚያደርገው ግን የቀድሞው ገጽ ጥላ እንዳይቀር ቅንጣቶቹን ሁሉ አንዴ ማንቀሳቀስ ነው። ሊብራ 2 ይህን በየምዕራፉ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል፤ ምዕራፍ ሲያልቅ አንባቢም ትንፋሽ ይወስዳልና ብልጭታው አያውከውም።

ገጹ አንዴ ከቆመ በኋላ ዕቃው ምንም አያደርግም። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ቅንጣቶቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ኃይል የሚወስደው መግለጥ እንጂ ማሳየት አይደለም። የሊብራ 2 ባትሪ 1500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ነው፣ የዛሬ ስልክ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4000 ይበልጣል። ሆኖም ስልኩ ማታ ቻርጅ ሲለምን ማንበቢያው ለሳምንታት ይሄዳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ስለ ቻርጅ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሠሪዎቹ ትልቅ ባትሪ ጨምረው ዕቃውን ሊያከብዱት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም፤ ከእጅ ላይ ክብደት ቀነሱልን።

መብራቱም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። ስልክና ታብሌት ብርሃናቸውን ወደ ዓይናችን ይልካሉ። እዚህ ላይ ጥቃቅን ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተደብቀዋል። ብርሃናቸው ከገጹ በላይ በተዘረጋ ስስ ሽፋን ውስጥ በአግድም ይሄዳል፤ ሽፋኑ ላይ በዓይን የማይለዩ እብጠቶች አሉ፣ ብርሃኑ ሲነካቸው ወደ ታች ወደ ቀለሙ ይታጠፋል፤ ከቀለሙ ነጥሮ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ስለዚህ የምናየው የበራ ገጽ እንጂ አምፖል አይደለም። የሠሪው እጅ የሚታወቀው ብርሃኑ እኩል መዳረሱ ላይ ነው። እብጠቶቹ ከአምፖሉ ራቅ ባሉ ቁጥር ካልበዙ አጠገቡ ይፈካል፣ ጥጉ ይጨልማል። ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ባዶ ገጽ አምጡ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጉና አራቱን ጥጎች ተመልከቱ፤ ጥላ የሚወርድበት ወይም አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ የሚል ከሆነ ሌላ ይምጣላችሁ። ሊብራ 2 ነጭና ብርቱካናማ አምፖሎችን እያመጣጠነ የገጹን ቀለም ከቀን ነጭ ወደ ማታ ሙቅ ብርሃን ይወስዳል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በጨለማ ቤቱን ለቆ ለሚወጣ መንገደኛ፣ በጠባብ ታክሲ ውስጥ ጎረቤቱን ሳይረብሽ እንዲያነብ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከዓይን ወደ እጅ እንምጣ። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው የአዲስ አበባ ባቡር ውስጥ ጠዋት የሚቀመጥበት ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። የቆመው አንድ እጁ ብረቱን ይዟል፤ ለማንበብ የቀረው አንድ እጅ ነው። ሊብራ 2 የተሠራው ለዚያ ለቀረው እጅ ነው ለማለት ይቻላል። አንዱ ጎኑ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ነው፤ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ብሎ ለአውራ ጣት ማረፊያ ይሆናል። እዚያው ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይገልጣል። አውራ ጣት ከቦታዋ ሳትነሳ ጫን ማለት ይበቃታል። እጅ ሲደክም ዕቃውን ገልብጦ በሌላው እጅ መያዝ ነው፤ ጽሑፉ ራሱ ዞሮ ይቃናል። ለግራኝ የተለየ ዕቃ አላስፈለገም፤ አንዱ አሠራር ለሁለቱም እጅ ሆነ። ጀርባው ሸካራ ስለሆነ ላብ ባለበት እጅም አይንሸራተትም።

ስክሪኑ ከዙሪያው ፍሬም ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። ለዓይነ ግቡነት ሲባል ከፍሬሙ ጋር የተስተካከለ ፊት የሚያደርጉ አሉ። እሱም መልክ አለው፣ ለመጥረግም ይመቻል። ነገር ግን ያንን ለማድረግ ከቀለሙ በላይ አንድ ተጨማሪ ሽፋን ይነጠፋል፤ በቀለሙና በዓይን መካከል የሚገባ ነገር ሁሉ ደግሞ ከነጩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ነጸብራቅም ይጨምራል። ሊብራ 2 ጥጉ ላይ አቧራ ቢያጠራቅምም ፊደሉን ወደ ዓይን ማቅረቡን መርጧል። እኔ ከዚህ ምርጫ ጎን ነኝ።

ለዝናብም ታስቦበታል። አይ.ፒ.ኤክስ.8 የሚባለውን መለኪያ ያሟላል፤ በሁለት ሜትር ጥልቀት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ60 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ፌርማታ ላይ ለሚጠብቅ ሰው ከበቂ በላይ ነው። የሚፈራው መጫን ነው። በአብዛኞቹ ማንበቢያዎች ከቀለሙ ሥር ያለው የኤሌክትሮድ ንጣፍ በስስ መስታወት ላይ የተሠራ ነው። በተጨናነቀ አውቶቡስ ቦርሳ ውስጥ የክርን ጫና ቢያርፍበት ላዩ ሳይጫር ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ላይ የማይጠፋ መስመር ይቀራል። ጠንካራ ክዳን ያለው መሸፈኛ ከዕቃው ጋር አብሮ መገዛት አለበት፤ በቦርሳ ውስጥም ስክሪኑ ወደ መጽሐፍ ወይም ወደ ደብተር ፊቱን አዙሮ ቢቀመጥ ይመረጣል።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ ለሚለው፣ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው መልሱ ከስፋቱ ይጀምራል። የአማርኛ ቃል ቅጥያ እየደረበ ይረዝማል፤ «እንዳልተመለከታቸው» የመሰለ ቃል ብቻውን የመስመሩን ሲሶ ይወስዳል። በባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ጎላ ሲል በአንድ መስመር ሦስት አራት ቃል ብቻ ይቀራል። ጽሑፉ በሁለቱም ጠርዝ እኩል እንዲሆን ከታዘዘ ደግሞ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል፣ ዓይንም ይሰናከላል። ስለዚህ ለአማርኛ 7 ኢንች ልኩ ነው እላለሁ፤ ጽሑፉንም በግራ ብቻ ማስተካከል ነው፣ ቀኙ እንደ ፈቀደ ይቁም። የመስመር ርቀቱንም ለእንግሊዝኛ ከሚበቃው ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ፊደሎቻችን ቁመታቸው ሙሉ ነው፣ አየር ይፈልጋሉ።

በ2024 የወጣው ኪንድል ፔፐርዋይት 7 ኢንች፣ 300 ነጥብና 211 ግራም ነው፤ ውሃም አይፈራም። ፍጥነቱ ግሩም ነው፣ ቁልፍ ግን የለውም፤ ገጹን መግለጥ የሚቻለው ስክሪኑን በመንካት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው መደበኛው ኪንድል 6 ኢንች ሆኖ 158 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሙቅ ብርሃንና የውሃ መከላከያ ግን የለውም። ከኮቦ በኩል ክላራ ቢ.ደብልዩ. 6 ኢንችና 174 ግራም ሆኖ ሁለቱንም ይዟል። ሊብራ ከለር የሊብራ 2ን የአውራ ጣት ማረፊያና ቁልፍ ወርሶ ቀለም ጨምሯል። ቀለሙ የሚመጣው ከጥቁርና ነጩ በላይ በተነጠፈ የቀለም ማጣሪያ ነው፤ ባለ ቀለሙ ክፍል በኢንች 150 ነጥብ ሲሆን ማጣሪያው የገጹን ነጭ ወደ ግራጫ ይወስደዋል። የልጆች መጽሐፍና ካርታ ለሚያይ ሰው ይጠቅማል። ጽሑፍ ብቻ ለሚያነብ ግን ጥቁርና ነጩ ይበልጥበታል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ኮቦ በ2024 ካወጣቸው ከክላራዎቹና ከሊብራ ከለር ጀምሮ አይፊክሲት ከተባለው የጥገና ድርጅት ጋር ተስማምቶ መለዋወጫና የመፍቻ መመሪያ አቅርቧል። ባትሪው ሲያረጅ ዕቃው አይጣልም፤ ተከፍቶ ይቀየርለታል። ስልክ ከፍቶ የሚጠግን ባለሙያ በየሠፈሩ ባለበት አገር ይህ ትርጉሙ ብዙ ነው። ሊከፈትና ሊጠገን የሚችል አድርጎ መሥራት ሠሪው ከሽያጩ በኋላ ስላለው ዕድሜም እንደተጨነቀ ያሳያል።

የመጨረሻው ጥበብ በዕቃው ውስጥ ሳይሆን በፊደሉ ውስጥ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ፊደሉን የያዘ ፎንት በዕቃው ውስጥ ወይም በመጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ገጹ ባዶ ሣጥን በባዶ ሣጥን ይሆናል። በኮቦ ላይ መፍትሔው አጭር ነው፤ ዕቃውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፎንትስ» የሚል ማኅደር ከፍቶ ፎንቱን እዚያ መክተት ነው። ኪንድልም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተመሳሳይ ማኅደር አለው። በነፃ ከሚገኙት አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ን እወደዋለሁ፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ጭረት የብዕርን እንቅስቃሴ ይዘዋል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ለረዥም ንባብ የሚሆን፣ እኩል የተመዘነ ፊደል ነው።

የእኛ ክፍተት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። በእጃችን የሚገኘው አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ የገጽ ፎቶግራፍ የሆነ ፒዲኤፍ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ ሲጎላ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ሲጠብ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ የስክሪኑ ጥራት፣ የፎንቱ ውበት፣ የመስመሩ አየር፣ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ከዩኒኮድ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተለቀሙ ጽሑፎችም ሳይለወጡ ቢጫኑ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። ኢፐብ የሚባለው ፎርማት ግን ለዚህ የተሠራ ነው፤ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክላል፣ ምዕራፉ ይለያል፣ ፎንቱ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይጓዛል። የማዘጋጃ ፕሮግራሞቹ ሲጂልና ካሊበር በነፃ ይገኛሉ።

ስለዚህ ጥሪዬ ለአሳታሚዎቻችንና ለደራሲዎቻችን ነው። በቶሮንቶና በታይዋን ያሉ ሰዎች ፊደላችንን ማንበብ ባይችሉም ፊደላችን ጥርት ብሎ የሚቆምበትን ገጽ ሠርተውልናል። የቀረው ሥራ የእኛ ነው፤ ጽሑፉን በዩኒኮድ መልቀም፣ ፎንቱን ማካተት፣ ምዕራፉን መለየት፣ ከመሸጡ በፊት በአንድ ማንበቢያ ላይ ከዳር እስከ ዳር ማረም። የሽፋን ወረቀትና የጥራዝ ክር የሚመርጥ አሳታሚ ለዚህም ያንኑ ዓይን ማዋል አለበት። አንባቢም ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ገንዘቡን ሳይሰስት ቢከፍል፣ በደንብ የተሠራ የአማርኛ ኢፐብ ገበያ ላይ የማይበዛበት ምክንያት አይታየኝም።